የበረዶ ጫማ

ቅድመ አያቴ ትርፌ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣
ኮርቻ ሲጠርብ፣ ጋሪ ሲጠግን ነበር።
አንድ ቀን አንድ መምህር፣ ከስዊድን የመጣ፣
ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ሥዕል ከኪሱ አወጣ፤
ሁለት ቀጫጭን ጣውላ፣ አፍንጫቸው ሽቅብ።

«ምንድን ነው?» አለ ትርፌ፣ «የጀልባ ጎን? የበር?»
«ጫማ ነው» አለ ሰውዬው፣ «በረዶ ላይ የሚበር።»

ትርፌ የሚያውቀው በረዶ
ቆርቆሮ ደብድቦ፣ የጓሮ ጎመን በጣጥሶ፣
ከእፍኝ ወደ አፍ ሳይደርስ ውሃ ሆኖ፣ ፈስሶ፣
ቦይ ለቦይ የሚሄደውን ነው።
በዚያ ላይ ማን ይሄዳል? ምን ያህልስ ይርቃል?
አልጠየቀም። ቀብድ ይዞ ማን ይጠይቃል?

ወይራው እምቢ ብሎ መሐል ለመሐል ነቃ።
ዋንዛው ጎብጦ አደረ፤ ቀና፣ ትርፌ ሲነቃ።
ቀረሮን ግን በእንፋሎት፣ በጠላ ጋን አፍ ላይ፣
ሲቀቅል፣ ሲያለዝብ፣ ሲያጎብጥ፣ ደግሞ ሲያይ፣
ሚስቱ ወለተሐና በእኩለ ሌሊት ባንና
«ጋኔን! ጋኔን!» አለች፣ ኩራዝ ይዛ ቆማ።
የጠላ ጋኗን ይሁን የጨለማውን ጌታ፣
ቤተ ዘመድ ይከራከራል እስከ ዛሬ ማታ።

በባቡር ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በመርከብ
ጫማው ሄደ። በዓመቱ ፎቶግራፍ መጣ።
መምህሩ ቆሟል፤ ከላዩ ነጭ፣ ከሥሩ ነጭ፣ ዙሪያው ባዶ።
ትርፌ አየና አዘነ፦
«ምስኪን፣ ፎቶ አንሺው አቃጠለበት!»
ከፎቶው ጀርባ ግን፣ በተንጋደደ ፊደል፣
«አሥራ ሁለት ጥንድ ላክልኝ» ይል ነበር።

ታፔላ ተሰቀለ፦ «የበረዶ ጫማ። ትርፌ እና ልጆቹ።»
ከዶሮ ማነቂያ አምሽተው ሲመለሱ ሰካራሞቹ
በር ያንኳኳሉ፦ «ለጨረቃስ ጃንጥላ አለ?»
«አለ» ይላል ትርፌ ከውስጥ፣ «ቀብድ ካለ።»

አያቴ እንግዳወርቅ ሱቁን ሲረከብ
ደብዳቤው ቀረ። ቀበሌው መጣ ሊመዘግብ፦
«ይህ ለማን ነው? ለየትኛው መደብ?»
አያቴ ዝም አለ።
የመለሰው ጦርነቱ ነው።
ልጆች ከግንባር መጡ፣ የሱሪያቸው አንድ እግር
ታጥፎ፣ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ።
ያው ቀረሮ፣ ያው እንፋሎት፣ ያው ጋን፤
ለበረዶ የጎበጠው ጫፍ ለብብት ጎበጠ።
በዓመት ሦስት መቶ ክራንች።
በጥንድ መቁጠሩንም ተወው፤ አንድ የሚበቃው ብዙ ነበር።
ስለዚያ ዘመን ሲጠየቅ
«ሥራ ነበረ» ይላል። ሌላ አይጨምርም።

ከዚያ አንድ ሐምሌ፣ እናቴ ዘነበች አሥር ዓመቷ፣
ሰማዩ ተቀደደ። በረዶው አንድ ስንዝር ተኛ፤
እሪ በከንቱ ቁልቁል ሙሉ አቡጀዴ ለበሰ።
እንግዳወርቅ የቀረችውን አንድ ጥንድ ከግድግዳ አወረደ፣
ጠፍሩን አጠበቀ፣
ሰባት ክንድ ያህል ሄደ።

መሄድ አይደለም እንኳ። ቃል የለንም።
እኛ «ተንሸራተተ» ስንል
ወደቀ ማለታችን ነው፤
እሱ ደግሞ አልወደቀም።
የወደቀውስ ኋላ ነው፣ የጎረቤት አጥር ላይ፣
እየሳቀ።
ሳቁን የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው ትላለች እናቴ።

አሁን በራችን ቀይ ተቀብቷል። መንገዱ ይሰፋል።
አይሱዙው ቆሟል፤ ሾፌሩ ጥሩንባ ይነፋል።
ታፔላውን ጫንኩ፤ ማጎበጫውን ጫንኩ፤
ጥንዷን በብርድ ልብስ ጠቀለልኩ።
የምንገባው ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ፤
በየትኛው ግድግዳ እንደምትሰቀል እንጃ።

እናቴ ከጋቢና አንገቷን አውጥታ ትጮኻለች፦
«ጋኔን! ጋኔን እንዳትረሳ!»